ጋኔን ምስክር አይሆንም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ጠበል ቦታ ላይ ሰው ሁሉ ጆሮውን የሚያቆምባት አንዲት ሰዓት አለች። ውኃው ሲያርፍባት የታመመችው ትንቀጠቀጣለች፤ ድምፅዋ ይወፍራል፤ አጥማቂው መስቀሉን ግንባሯ ላይ አድርጎ «ማን ነህ?» ይላል። እስከዚህ ደግ ነው። ነገር የሚበላሸው ቀጥሎ በሚመጣው ጥያቄ ነው፤ «ማን ላከህ? በማን ገባህ?» መንፈሱም ሳይውል ሳያድር የሰው ስም ይጠራል፦ የባል እኅት፣ አጥር የምትጋራ ጎረቤት፣ ከወንዝ ማዶ ያለች ሸክላ ሠሪ። ከቆሙት መካከል አንዱ ወንድም ያንን ስም ቋጥሮ ወደ መንደር ይመለሳል። አንዲት ነፍስ በተፈታችበት ቀን ሌላ ቤት ይታሰራል።

ጌታ ስለ ዲያብሎስ ሲናገር «ሐሰትን ሲናገር ከራሱ ይናገራል፥ ሐሰተኛ የሐሰትም አባት ነውና» ብሏል (ዮሐ. 8፥44)። እንግዲህ ከሐሰት አባት አፍ የወጣ ክስ በየትኛው ሸንጎ ይታመናል? «ሲቃጠል ጊዜ እውነቱን ተናገረ» የሚሉ አሉ። ይህ ከሰው ችሎት የተወሰደ ሐሳብ ነው፤ ከወንጌል አልተገኘም። ጋኔን ሲወጣም እንኳ አንድ ጉዳት ጥሎ መውጣት ይፈልጋል፤ በማርቆስ 9 ያለው ልጅ ላይ ያደረው ርኩስ መንፈስ ሲወጣ ጮኾ፣ እጅግ አንፈራግጦት ነው የወጣው። ሥጋውን እንዲያ ካንፈራገጠ ቤተ ሰቡን በነገር ማንፈራገጥ ምን ይከብደዋል?

ጌታ እንዴት እንዳደረገ ልብ እንበል። በቅፍርናሆም ምኩራብ ርኩሱ መንፈስ «ማን እንደ ሆንህ አውቄአለሁ» ብሎ ሲጮኽ «ዝም በል ከእርሱም ውጣ» ብሎ ገሠጸው (ማር. 1፥25)። በዚያው ምዕራፍ አጋንንቱ ያውቁት ስለ ነበር እንዲናገሩ አልፈቀደላቸውም። በጌርጌሴኖን አገር ስሙን ጠየቀው፤ «ሌጌዎን» አለ፤ ወደ 2 ሺህ የሚሆኑ እሪያዎችም ባሕር ገቡ። ማን እንደ ላከው ግን አልጠየቀም። ሐዋርያው ጳውሎስም በፊልጵስዩስ የምዋርተኛዪቱ መንፈስ «እነዚህ ሰዎች የልዑል እግዚአብሔር ባሪያዎች ናቸው» እያለ ብዙ ቀን ሲከተላቸው ምስክርነቱን አልተቀበለም፤ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም አስወጣው (ሐዋ. 16፥16-18)። እዚያ የተናገረው እኮ እውነት ነበር! እውነት ሲናገር ካልተሰማ፣ ጎረቤት ሲከስ ለምን ይሰማል?

ወደ ወሎ ስንመጣ ነገሩ ከዚህም ይከብዳል። በእኛ አገር አንድ አያት ያላቸው ሰዎች ግማሹ ክርስቲያን ግማሹ ሙስሊም ነው፤ ሰርጉና ለቅሶው አብሮ ነው፤ ለክርስቲያኑ ለብቻ ታርዶ፣ ለሙስሊሙ ለብቻ ታርዶ በአንድ ዳስ ይበላል። መንፈሱ ደግሞ የሚጠራው ስም ብዙውን ጊዜ ከዚህ መጋጠሚያ ላይ የተመረጠ ነው፤ ወይ በሃይማኖት የተለየ ዘመድ ይሆናል፣ ወይ «ቡዳ ናቸው» እየተባለ ሲታማ የኖረ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ ወይም ፋቂ። ሕዝቡ አስቀድሞ የሚያማውን ሰው ደግሞ መናገር ምን የተለየ እውቀት ይጠይቃል?

ስለ ቡዳ በግልጽ እንነጋገር። ምቀኝነት አለ፤ ጌታ ከሰው ልብ ከሚወጡ ክፉ ነገሮች መካከል ቆጥሮታል (ማር. 7፥22)። የሚወጣው ግን ከማንኛውም ልብ ነው፤ በዘር የሚወርድ፣ ከወናፍና ከመዶሻ ጋር የሚወረስ ነገር አይደለም። በኦሪት ዘጸአት 31 እግዚአብሔር መንፈሱን የሞላበት ባስልኤል ወርቅ፣ ብርና ናስ የሚሠራ ባለ እጅ ነበር። ጌታችንንም የአገሩ ሰዎች «ይህስ ጸራቢው አይደለምን?» ብለው ነው የናቁት። ባለ እጅን በጋኔን ቃል የሚፈርድ ሰው ከእነማን ጋር እንደ ቆመ ይመርምር።

አሁን ወደ ሥርዓቱ። ጠበል የሚጀመረው ከንስሐ አባት ነው፤ ከምንጩ አይደለም። ኃጢአትን ተናዝዞ፣ ቀኖና ተቀብሎ፣ ስንት ቀን እንደሚጠመቁ ተነጋግሮ ነው የሚሄዱት፤ 7፣ 14 ወይም 21 ቀን። በነዚያ ቀናት ባለትዳሮች ከመኝታ ይታቀባሉ፤ ጫት፣ አረቄና ትንባሆ ይቆማሉ፤ የወር አበባ ላይ ያለች ሴት ወደ ጠበሉ አትገባም፤ ጸሎቷን ግን ካለችበት አታቋርጥም። ሌሊቱን እህል ሳይቀምሱ፣ በማለዳ፣ ጫማ አውልቀው ይገባሉ። ከመጠመቅ በፊት መዝሙረ ዳዊት 90 («በልዑል መጠጊያ የሚኖር») እና 67 («እግዚአብሔር ይነሣ»)፣ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም፣ ከዚያም 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ቢደርስ መልካም ነው። ካህኑ ከባረከው ጠበል ይጠጣሉ፤ ቀጥሎ ይጠመቃሉ፤ በመጨረሻ እምነት (የተባረከውን አመድ ወይም ዐፈር) ይቀባሉ። 41ዱም ሆነ 64ቱ መቁጠሪያ የጸሎት መቁጠሪያ እንጂ አለንጋ አይደለም። «የሚያመው ጋኔኑን ነው» እያሉ መግረፍ ትልቅ ስሕተት ነው፤ የሚያብጠው የወንድማችን ጀርባ ነው፤ በሰንሰለት የሚላጠውም የእርሱው ቁርጭምጭሚት ነው። የሚወራጨውን መያዝ ግድ ከሆነ ሁለት ሰው በክንዱና በትከሻው በኩል ይያዘው፤ መሬቱ ላይ ጋቢ ይነጠፍለት።

ጾሙም ሰውን ያያል። የስኳር ሕመም ኖሮት መርፌ የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት እስከ ረፋድ ያለ ምግብ ልትቆም አይገባትም፤ የንስሐ አባት ይህን አውቀው ይፈቅዳሉ። በደላንታና በወረኢሉ ብርድ ደግሞ ሕፃንን በማለዳ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መንከር ለአደገኛ ብርድ መዳረግ ነው። ለሕፃን መርጨት ይበቃዋል፤ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ይጠቅለል። የጸጋው መጠን በባልዲ አይለካም።

ሁሉ መንቀጥቀጥ ጋኔን አይደለም። ቅዱስ ማቴዎስ ወደ ጌታ የቀረቡትን ሲቆጥር አጋንንት ያደሩባቸውን ለብቻ፣ በጨረቃ የሚነሣባቸውን ለብቻ ጠርቷቸዋል (ማቴ. 4፥24)። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ጠበል ላይ ሲወድቅ አፉ ውስጥ ውኃ ማፍሰስ ወደ ሳንባው እንዲገባ ያደርጋል፤ ትንታው ሊገድለው ይችላል። በጎኑ ማስተኛት፣ ከራሱ ሥር ነጠላ ማድረግ፣ አፉ ውስጥ ምንም አለመክተት፣ ክብሪት እየጫሩ አለማሽተት፣ እስኪያርፍ ድረስ «አቡነ ዘበሰማያት» እየደገሙ አጠገቡ መቀመጥ፤ ይኸው ነው። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። የሚጥል በሽታ ክኒን በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ከፊተኛው ብሶ ይነሣል፤ ሰው ይህን አይቶ «ጋኔኑ ጨከነ» ይላል። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን አክብረው፣ እግዚአብሔር ፈጥሮታልና ይለናል። ነፍሳቸውን ይማርና ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል እንደማይጣሉ በአደባባይ አስተምረዋል። ክኒኑን በጠበሉ መዋጥ ይቻላል።

ማስለፍለፍን በተመለከተ፦ መንፈሱ ቢጮኽ የሚናገረው ካህኑ ብቻ ይሁን፤ ቃሉም «በኢየሱስ ክርስቶስ ስም ውጣ» ይሁን። ዘመድ ከኋላ ሆኖ «ጠይቁልኝ፣ ከብቴን የገደለው ማን ነው?» ማለት ጠንቋይ መጠየቅ ነው፤ ቦታው ቤተ ክርስቲያን ስለ ሆነ ስሙ አይለወጥም። የአስቄዋ 7 ልጆች ሥልጣኑ ሳይኖራቸው መንፈሱን ሊያስወጡ ገብተው ቆስለውና ዕራቁታቸውን ሸሽተው ወጥተዋል (ሐዋ. 19፥14-16)። ስልክ አውጥቶ መቅረጽ ደግሞ የዘመኑ ጠንቅ ሆኗል። ልጅቱ ስትድን ራቁት ትከሻዋና የሰው ስም የያዘው ቪዲዮ ከደሴ እስከ ዐረብ አገር ደርሶ ይቆያታል።

ዛር ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ዛር ቤትና ቤተ ክርስቲያን ስለ አንድ መንፈስ ሁለት ተቃራኒ ነገር ያደርጋሉ። ቤተ ክርስቲያን ታስወጣለች፤ ዛር ቤት ግን ይደራደራል። ገብስማ ዶሮ፣ ጥቁር በግ፣ ሽቶ፣ ጨሌ ይቀርብለታል፤ በዓመቱ ያንኑ ይጠይቃል፤ ግብሩ ከቀረ ያሳምማል። ስለዚህ ዛር ቤት ሄዶ ቀለለኝ የሚል ሰው አልዋሸም፤ ባለ ዕዳ ወለድ ሲከፍል የሚያገኘውን ዕረፍት ነው ያገኘው። ግሸን የሚሳለም የወሎ ሰው አንድ ነገር ያስብ። ግማደ መስቀሉ ወደ አምባው በመግባቱ ስማቸው የሚነሣው ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጥንቆላንና ሟርትን አጥብቀው የተዋጉ ንጉሥ ናቸው። መስከረም 21 አምባውን ወጥቶ፣ መስከረም ሳያልቅ ለቆሌ ዶሮ የሚገዛ እግሩ በሁለት ቦታ ያነክሳል (1ነገ. 18፥21)።

ቡናው አይደለም ጥፋቱ፤ ዕጣኑም ቀጤማውም አይደለም። ጥፋቱ ከአቦሉ ቀንሶ «ለባለቤቱ» ብሎ ጥግ ላይ ማፍሰስ፣ ፈንድሻውን ስም እየጠሩ በየማዕዘኑ መበተን ነው። ከእናት የወረደ ጨሌ በሣጥን ሥር የተቀመጠባት እኅት ብትኖር ብዙ ጊዜ የምትፈራው «ከጣልሁት ልጆቼን ይነካል» ብላ ነው። ሕዝቅኤል 18 ልጅ የአባቱን ኃጢአት እንደማይሸከም ተናግሯል፤ በጥምቀት ክርስትና ስትነሣም ፊት ወደ ምዕራብ ተመልሶ ሰይጣን በስሟ ተክዷል። ጨሌውን ግን ብቻዋን ሌሊት ወንዝ አትጣል፤ ፍርሃቱ ተከትሏት ይመለሳልና። ለንስሐ አባቷ ታስረክብ፣ ጸሎት ይደረግ፣ እያየች ይቃጠል። በኤፌሶን ጠንቋዮች የነበሩት መጻሕፍታቸውን በሁሉ ፊት ነው ያቃጠሉት፤ ዋጋቸውም በዚያ ዘመን ገንዘብ 50 ሺህ ጥሬ ብር ሆነ።

የጠበሉ ቀን ካለቀ በኋላ ያለው ነገር ይዘነጋል። ጌታ እንዳስተማረን የወጣው ርኩስ መንፈስ ቤቱን ባዶ፣ የተጠረገና ያጌጠ ሆኖ ቢያገኘው ከእርሱ የከፉ 7 ሌሎች ይዞ ይገባል (ማቴ. 12፥43-45)። ተጠምቆ ያልቆረበ ሰው ቤቱን ጠርጎ በሩን ከፍቶ እንደ ወጣ ነው። ቅዱስ ቁርባን ይቀበል፤ ካልተዘጋጀም ቀን ቆርጦ ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገር። ይዞት የመጣውን ጠበል በንጹሕ ዕቃ፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ ያኑረው፤ ሽታው ከተለወጠ አይጠጣው፤ ሰው በማይረግጠው ቦታ ያፍስሰው።

ስም ቀድሞ ወጥቶ ከሆነስ? ካህኑና ሁለት ሽማግሎች ከታማሚዋ ቤተ ሰብ ጋር ሆነው ወደ ተከሰሰችው ሴት ቤት ይሂዱ። ሌላ ቦታ አይጥሯት፤ ቤቷ ይሂዱ። የቤቱ ታላቅ አፉን ሞልቶ «የተባለው ከሐሰተኛ የተባለ ነው፤ ይቅር በይን» ይበል። ቡና ስታፈላ አቦሉን ጠጥቶ መነሣት አይሆንም፤ ቶናና በረካም አለ፤ ቆሎውም ከእጇ ይበላ፣ እርሷን ለዓመታት ያቆሰላት ከእጇ የሚበላ ማጣቷ ነውና። የዳነችው እናት ሕፃኗን ይዛ ትቀመጥ። ሕፃኑ ፊት ላይ የጣለችውን ነጠላ ትግለጠው፤ ሴትዮዋም ትየው፤ «ያሳድግልሽ» ትበላት።