ኔመስ ምንድን ነው? «ዳታቤዙ ላይ አላገኘሁትም» ማለትስ?

አሜሪካ ውስጥ የጠፋ ሰው ወሬ በተነሳ ቁጥር አንዱ ብቅ ይልና «ኔመስ ላይ ካልታወቁት አስከሬኖች ጋር አልገጠመም፣ ስለዚህ በሕይወት አለ» ብሎ ይደመድማል። ቤተሰብ ይህን አምኖ ቁጭ ስለሚል ዝም ማለት ከበደኝ።

ኔመስ በፈረንጆቹ 2007 የተጀመረ፣ ማንም ኢንተርኔት ላይ ገብቶ የሚያየው፣ የጠፉ ሰዎችና ማንነታቸው ያልታወቀ አስከሬኖች የሚመዘገቡበት የአሜሪካ ፍትህ ሚኒስቴር መዝገብ (NamUs) ነው። ኤንሲአይሲ (NCIC) የሚባለው ሌላው መዝገብ ደግሞ የኤፍቢአይ ነው፣ እሱን ፖሊስ እንጂ እኛ አናየውም፣ ደግሞ አንዱ ላይ ያለ ሁሉ ሌላው ላይ አለ ማለት አይደለም።

አሁን ሁለት ሳጥን አስቡ፣ አንዱ ቁልፍ የሞላበት (የጠፉት)፣ ሌላው ጓጉንቸር (ማንነታቸው ያልታወቀው)። ስምና ፎቶ ብቻ ይዞ የገባ ሰው ጥርስ ያልወጣለት ቁልፍ ነው፣ ሺህ ጓጉንቸር ብትሞክሩበት አይከፍትም። ጥርሱን የሚያወጣለት የጣት አሻራ፣ የጥርስ ሀኪም ራጅና የቤተሰብ ዲኤንኤ ነው። ጓጉንቸሩም ቢሆን ሳጥኑ ውስጥ ላይኖር ይችላል፣ ምክንያቱም አስከሬን ያገኘ ካውንቲ ሁሉ ኔመስ ላይ እንዲያስገባ የሚያስገድደው ሕግ ያለው በአንዳንድ ስቴቶች ብቻ ነው። ታዲያ «አልገጠመም» የሚለው ሰው የትኛውን ቁልፍ በየትኛው ላይ ሞክሮ ነው? ቢገጥም እንኳ ማንነቱን የሚያረጋግጠው የአስከሬን መርማሪው ነው፣ ኮምፒውተሩ ጥቆማ ነው የሚሰጠው።

ዲኤንኤ መስጠት የሚፈሩ ብዙ ናቸው። የቤተሰብ ናሙና ለብቻው ነው የሚቀመጠው፣ ከወንጀል ማስረጃ ጋር አይነጻጸርም። እናት፣ አባት፣ ልጅ፣ የእናትና የአባት ልጅ የሆነ ወንድም ወይ እህት ይመረጣሉ። የአክስት ልጅ ብቻውን ደካማ ነው፣ እናት አገር ቤት ከሆነች ናሙናዋ እንዴት እንደሚመጣ ጉዳዩን የያዘውን የፖሊስ መርማሪ ዛሬውኑ ጠይቁት።

«24 ሰዓት ጠብቁ» የሚለውንም እርሱት፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆነማ ፖሊስ ሳይዘገይ ኤንሲአይሲ ላይ እንዲያስገባ ፌዴራል ሕጉ ያዘዋል።

ስለዚህ ፖሊስ «መዝግበናል» ሲላችሁ የትኛው ላይ፣ በስንት ቁጥር፣ አሻራው፣ ራጁ፣ ዲኤንኤውስ ገብቷል ወይ በሉት፣ ራጁን ደግሞ ፈጥናችሁ ከክሊኒኩ አውጡ፣ የቆየ ፋይል ዓመታት ካለፉ በኋላ ያስወግዱታል።