«ከመጠምጠም መማር ይቅደም»፦ ትርጓሜው፣ መነሻውና ለፈሪ ጀማሪ የሚሰጠው ምክር

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» በአብዛኛው የተግሣጽ ቃል ነው። ሳያውቅ ላስተምር የሚል፣ ሳይለማመድ መድረክ የሚወጣ፣ ሙያውን ሳይይዝ ማዕረጉን የሚሻ ሰው ሲያጋጥም ትልልቅ ሰዎች ይህችን ጣል ያደርጋሉ። እኛ ግን አባባሉ ከደፋሩ ይልቅ ለፈሪው ይበጃል ባዮች ነን። ክራር ገዝቶ «ቢበላሽብኝስ? ሰው ቢስቅብኝስ?» እያለ ግድግዳ ላይ የሰቀለ ሰው ያው ጥምጣሙን አስቀድሟል። ደፋሩ ሳይማር ጠመጠመ፤ ፈሪው ደግሞ ዛሬውኑ ካልጠመጠምኩ አልማርም አለ።

መነሻው የቤተ ክህነት ትምህርት ነው። ነጩ ጥምጣም የካህናትና የደብተራዎች መለያ ነው። ከሩቅ ሲታይ ያስከብራል፤ ከሥሩ ያለው ግን የብዙ ዓመት ድካም ነው፦ ፊደል መቁጠር፣ ንባብ፣ ዳዊት መድገም፣ ከዚያም ዜማ፣ ቅኔና ትርጓሜ መጻሕፍት። ጨርቁን ማንም በአንድ ጠዋት ሊጠመጥመው ይችላል፤ ቅኔ ተቀበል ሲባል ግን ያልተማረው ይታወቃል።

ለጀማሪ ትልቁ ትምህርት ያለው ቅኔ ቤቱ ውስጥ ነው። በጎጃም ዋሸራና ጎንጅ፣ በወሎ ዋድላ በቅኔ የታወቁ ናቸው። እዚያ ተማሪ የሌላውን ሥራ እየደገመ ብቻ አይኖርም፤ በየጊዜው አዲስ ነገር ከራሱ ማውጣት አለበት። ታዲያ ሥርዓቱ ፍርሃቱን የሚያቃልልበት መንገድ አለው። ጀማሪው ስምንት ቤት (መስመር) ያለውን መወድስ የተባለ የቅኔ ዓይነት አይነካም። በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምርና ወደ ሦስቱ ዘአምላኪየ፣ ከዚያ ወደ አምስቱ ዋዜማ፣ ወደ ስድስቱ ሥላሴ እያለ ይወጣል። መጀመሪያ ብቻውን ራቅ ብሎ ይቆጥራል፤ ማለትም ቅኔውን በልቡ ያወጣል፣ ያወርዳል። ቀጥሎ ለመምህሩ ይነግራል፤ ይህም ነገራ ይባላል። መምህሩ ያርመዋል፣ የተሰበረውን ያቃናል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይጥልበታል። ተማሪው ግን በነጋታው ሌላ ይዞ ይመጣል። ቅኔው መውደቁ የትምህርቱ አካል እንጂ የተማሪው ውርደት አይደለም።

ይህን ወደ ክራር እናምጣው። አዲስ አበባ ዳር፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም የካ አባዶ የሚኖር ጀማሪ ከመሀል ከተማ መምህር ዘንድ ለመድረስ የታክሲ ሰልፍና ረጅም መንገድ አለበት፤ ስለዚህ ብዙው ሰው ከስልክ ቪዲዮ ነው የሚማረው። ስልኩ ደግሞ የሚያሳየው የጠመጠሙትን ብቻ ነው፤ የወደቀ ጉባኤ ቃናቸውን ማንም አላየም። በዚያ ላይ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ድምፅ ያሳልፋል፤ ጎረቤት ይሰማኛል ብሎ ክሩን በፍርሃት የሚነካ ሰው ድምፁ ራሱ ይታፈንበታል። እንደ ቅኔ ተማሪው ራቅ ማለት ነው መፍትሔው። ከብሎኮቹ ወዲያ ገና ያልተገነባበት ሜዳ ካለ እዚያ ወጥቶ መለማመድ ይቻላል፤ ክራር መብራት አይፈልግ።

ጀማሪው «አልችልም» የሚልባቸው አብዛኞቹ ነገሮች የመሣሪያው እንጂ የእሱ ጥፋቶች አይደሉም። ክራር ባብዛኛው ስድስት ክር አለው፦ አምስት የተለያዩ ድምፆች፣ ስድስተኛው የመጀመሪያው ድምፅ በአንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ። በሙሉ ትዝታ ቅኝት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይሆናሉ። ተቃኝቶ ከሩብ ሰዓት በኋላ ከተበላሸ ጆሮን ከመውቀስ በፊት ሦስት ነገር ይታይ። አዲስ የናይለን ክር ለተወሰኑ ቀናት ይለጠጣል፤ በእጅ ቀስ አድርጎ እየሳቡ ደጋግሞ መቃኘት ያረጋጋዋል። ክሩ ቀንበሩ ላይ ሲጠመጠም አንዱ ዙር በሌላው ላይ ከወጣ ይንሸራተታል፤ ፈትቶ ዙሮቹን ጎን ለጎን ማስተኛት ነው። ሦስተኛው ቆዳው ነው፦ እርጥበት ሲያገኝ ይላላል፣ ድምፁም ይወርዳል። በተለይ በክረምት በቀን የተቃኘ ክራር ማታ ዝቅ ብሎ ቢገኝ አይገርምም። ፀሐይ ላይ ማስጣት ግን ጥሩ አይደለም፤ ቆዳው ከልክ በላይ ተወጥሮ ሊሰነጠቅ ይችላል። ደረቅ ክፍል ውስጥ ትንሽ አቆይቶ እንደገና መቃኘት ይበቃል።

ከግርፍ ይልቅ በድርደራ መጀመር ይሻላል። በግርፍ ጊዜ ቀኝ እጅ ሁሉንም ክር ሲመታ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን ያፍናሉ፤ ይህ ለጀማሪ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ነው። በድርደራ እያንዳንዱ ድምፅ ለብቻው ይሰማል፤ ስህተቱም የት እንደሆነ ይለያል።

የመጀመሪያው ሥራ ጉባኤ ቃና ያህል ይሁን፦ ሁለት ስንኝ፣ በየወል ቤት፣ ማለትም እያንዳንዱ ስንኝ ሁለት ሐረግ፣ በየሐረጉም ስድስት ስድስት ቀለም (የፊደል ድምፅ) ሆኖ። ግጥሙን ራሱ ጀማሪው ይጻፈው፤ ስለ ውሃ ወረፋም ቢሆን ግድ የለም። በቀን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ያልለመደ ጣት ያብጣል፣ ነገ ለመያዝም ያስጠላል። መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ በስልክ ይቀዳ፤ የሚሰማው ግን በማግሥቱ ነው። ገና በሞቀበት ሲሰማ ሁሉም መጥፎ ይመስላል። በማግሥቱ የሚታረመውም አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ወይ ምቱ፣ ወይ ቅኝቱ፣ ወይ አንድ ጣት። ሦስቱን በአንድ ቀን ለማቃናት የሚነሣ ሰው ነው ከሁሉ ቀድሞ የሚተወው።

ነገራም አይቅር። ለአንድ ሰው ብቻ፣ ያውም ማረም ለሚችልና ለማይስቅ ሰው፤ «ጎበዝ!» ብቻ ለሚል ወዳጅ አይደለም። ፌስቡክ ላይ መለጠፍ ነገራ አይባልም፤ እዚያ የሚያርም መምህር የለም፣ ፈራጅ ነው ያለው።

አባባሉን ስንጠቀምበትም እንጠንቀቅ። ታላቅ ለታናሽ ቢለው ምክር ነው፤ እኩያ ለእኩያው ሲለው ግን ስድብ ይሆናል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ገና ሀ ብሎ ለጀመረ ሰው ሲወረወር ነው፤ እሱ እኮ እየተማረ ነው።

ሁለቱ ስንኞች ሳይደናቀፉ መውጣት ሲጀምሩ ወደ ግማሽ ትዝታ መሻገር ይቻላል። ሚ እና ላ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ይደረጋሉ፤ ሌሎቹ ባሉበት ይቆያሉ። ሁለቱ ክሮች ሲላሉ ግን ቆዳው ላይ ያለው ጫና ስለሚቀንስ የቀሩት ትንሽ ከፍ ሊሉ ይችላሉ፤ ስለዚህ ሁሉንም ከመጀመሪያው ክር አንሥቶ አንዴ ማዳመጥ ያስፈልጋል።