ዝርግ ድር የሚያደሩ ሸረሪቶች፦ ምደባቸውና ስያሜያቸው ከጎንደር ደጋ ሲታይ

ክረምቱ ወጥቶ ጠል በሚወርድበት ወቅት፣ ጎንደር ላይ በማለዳ ሣር ሜዳ የሚያቋርጥ ሰው ነጫጭ ድሮች ተዘርግተው ያያል። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጽዶች ሥር፣ በቀሃ ወንዝ ዳር፣ በአዘዞ በኩል ባሉ ማሳዎች ድንበር ላይ ፈልጎ ማግኘት አይከብድም። ረፋዱ ላይ ጠሉ ሲደርቅ ድሩ ከዓይን ይሰወራል እንጂ የትም አልሄደም።

ይህ ዳሰሳ ከእነዚህ ድር ሠሪዎች መካከል ስለ አንዱ አስተኔ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ሊኒፊዴ ይባላል። ተቀራራቢ ዝርያዎች ተሰብስበው ወገን ይሆናሉ፤ ተቀራራቢ ወገኖች ደግሞ አስተኔ። ሊኒፊዴ ከ600 በላይ ወገኖችና ከ4,800 በላይ ዝርያዎች አሉት። በዝርያ ብዛት ከዘላይ ሸረሪቶች ቀጥሎ በዓለም ሁለተኛው ነው። የአስተኔው ቁጥር ይህን ያህል ይሁን እንጂ አባላቱ ሚጢጢዬ ናቸው። ብዙዎቹ 3 ሚሊሜትር እንኳ አይሞሉም፤ ከጤፍ ፍሬ እምብዛም የማይበልጡ አሉ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንለይ። ሣር ላይ የተዘረጋ ድር ሁሉ የሊኒፊዴ አይደለም። ድሩ በአንድ በኩል እየጠበበ ወደ ቀዳዳ የሚገባ ከሆነ፣ ሸረሪቷም ከቀዳዳው ብቅ ብላ በድሩ ላይ ላዩን የምትሮጥ ከሆነ፣ የሌላ አስተኔ ናት። አጌሌኒዴ የሚባሉት እንዲህ ያደርጋሉ። ከተኩላ ሸረሪቶችም ሂፓሳ የሚባለው ወገን ይህንኑ ያደርጋል። ሜዳ ላይ ጎላ ብለው ዓይን የሚስቡት ድሮች ብዙ ጊዜ የእነዚህ ናቸው። የሊኒፊዴዋ ግን ቀዳዳ የላትም። ከዝርጉ ሥር ጀርባዋን ለመሬት ሰጥታ፣ ተንጠልጥላ ትጠብቃለች።

ጎንበስ ብሎ ላያት አሠራሯ ደስ ይላል። ከዝርጉ በላይ ወደ ቅጠሉና ወደ ሣሩ የተወጠሩ፣ የተዘበራረቁ ክሮች አሉ። የምትበር ትንኝ ከእነዚህ ክሮች ጋር ትጋጭና ዝርጉ ላይ ዱብ ትላለች። ሸረሪቷ ከሥር በኩል ሮጣ ትደርሳለች። ድሩን ሳትሻገር፣ በድሩ ውስጥ አሳልፋ ትነክሳታለች። ከዚያ ድሩን ቀድዳ ወደ ታች ትስባታለች። ቀዳዳውን በኋላ ትጠግነዋለች። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እነዚህኞቹ ግን አንዲት ትንኝ ካሰሩ ቀኑ ተሳካላቸው ማለት ነው። ከአስተኔው ትንንሾቹ ደግሞ ድራቸውን መሬት ላይ፣ የከብት ኮቴ በሠራት ጎድጓዳ ውስጥ ሳይቀር ያደራሉ። በአውሮፓ የስንዴ ማሳዎች ክሽክሽ የሚባለውን የሰብል ተባይ ከሚበሉት መካከል በመሆናቸው ገበሬ አይጠላቸውም።

እንግዲህ ድሩ ይህን ያህል ከታወቀ፣ በድሩ መለየት አይቻልም ወይ? አይቻልም። የሊኒፊዴ ምደባ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። አስተኔው በድሩ ይጠራ እንጂ በድሩ አይመደብም። በቀለምም ቢሆን እንደዚያው ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ዝርያዎች ቡናማ ወይም ጥቁር፣ የሚያብረቀርቁ፣ ምንም ምልክት የሌላቸው ናቸው። ለዓይን አንድ ናቸው።

ልዩነቱ ያለው በመራቢያ አካል ላይ ነው። ወንድ ሸረሪት ከአፉ አጠገብ ሁለት አጫጭር፣ እጅ መሰል አካላት አሉት፤ ፓልፕ ይባላሉ። ሲደርስ የፓልፑ ጫፍ ያብጣል፤ የወንዱን ዘር ወደ ሴቷ የሚያስተላልፈው በዚህ ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ይህች እብጠት መንጠቆ፣ ቅጠል መሰል ሳህን፣ የተጠማዘዘ መርፌ፣ ጥርስ ያለው ዘንግ የታጨቀባት ነገር ናት። የሊኒፊዴ ወንዶች በተለይ ፓራሲምቢየም የሚባል መንጠቆ አላቸው። የመንጠቆው ቅርጽ ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። ሴቷ በበኩሏ ሆዷ ሥር ኤፒጋይን የሚባል ጠንካራ ሳህን አላት፤ የእሷም እንዲሁ በየዝርያው የተለየ ነው። በዚህ ምክንያት ያልደረሰ ሸረሪት ይዞ ለባለሙያ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ የዝርያ ስም ሳያገኝ ይመለሳል። የሚታየው አካል ገና አልወጣማ።

ሌሎች መለያዎችም አሉ። በመንጋጋቸው ውጫዊ ጎን እንደ ሞረድ የተሰለፉ ጥቃቅን መስመሮች አሉ። እግር ላይ ደግሞ እሾሆች ይቆጠራሉ። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን አንዲት ፀጉር ናት። በፊተኛው እግር ከጫፍ ሁለተኛ በሆነው ክፍል ላይ አንዲት ስስ፣ የአየር ንዝረት የምትሰማ ፀጉር ትገኛለች። ባለሙያዎች ይህች ፀጉር ከክፍሉ ርዝመት ስንተኛው ላይ እንደበቀለች ለክተው በነጥብ ቁጥር ይጽፋሉ፤ 0.3 ወይም 0.7 እያሉ። ሁለት ወገኖችን ለመለየት እንዲህ ዓይነት ቁጥር የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ።

ወደ ስያሜው ታሪክ እንሂድ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የእንስሳት ሳይንሳዊ ስያሜ መነሻው ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኔየስ በ1758 ያወጣው መጽሐፍ ነው። ከዚያ በፊት የወጣ ስም አይቆጠርም። አንድ መጽሐፍ ብቻ ከዚህ ሕግ ነፃ ነው፤ እሱም የሸረሪት መጽሐፍ ነው። ስዊድናዊው ካርል ክለርክ በ1757 ስለ አገሩ ሸረሪቶች ያሳተመው ነው። ሸረሪት አጥኚዎች በዚህ ትንሽ ይኮራሉ፤ እኔም አልፈርድባቸውም።

ክለርክ ከሰየማቸው አንዷን አራኔየስ ትራያንጉላሪስ ብሏት ነበር። ፈረንሳዊው ላትሬይ በ1804 ሊኒፊያ የሚል ወገን አቋቋመ። ይህችም ሸረሪት ወደዚያ ገባችና ሊኒፊያ ትራያንጉላሪስ ሆነች። ስሟ ዛሬ ሲጻፍ የክለርክ ስምና 1757 በቅንፍ ውስጥ ይከተላሉ። ቅንፉ ለጌጥ አይደለም። «ሰያሚው እሱ ነው፣ ነገር ግን መጀመሪያ ያስገባው በሌላ ወገን ነበር» ማለት ነው። ቅንፍ ከሌለ ዝርያው ከተሰየመበት ወገን አልወጣም። የሸረሪት ስም ዝርዝር ማንበብ የጀመረ ሰው ይህችን ብቻ ቢያውቅ ብዙ ይገባዋል። አስተኔውን ራሱን፣ ሊኒፊዴ ብሎ፣ ያቆመው እንግሊዛዊው ጆን ብላክዎል ነው፤ ዓመቱም 1859 ነው።

ይኸው ብላክዎል በ1841 ከአስተኔው ሁለት ዝርያዎችን ሰየመ፤ ጊቦሳና ቱበሮሳ። ኋላ ኢዶቶራክስ በሚባል ወገን ውስጥ ገቡና ጊቦሰስና ቱበሮሰስ ተባሉ። የአንዱ ወንድ ጀርባው ላይ ትልቅ ጉብታና ከፊቱ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለው። የሌላው ወንድ ጉብታው አነስተኛ ነው። ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸውን ከመቶ ዓመት በላይ ማንም አጥብቆ አልጠየቀም ማለት ይቻላል። በ1980ዎቹ ቤልጅግ ውስጥ ሲያራቧቸው ግን ሁለቱም ዓይነት ወንዶች የአንድ ዝርያ ሆነው ተገኙ። ቀዳሚ ሆኖ የተያዘው ጊቦሰስ ቀረ፤ ቱበሮሰስ ተሻረ። ብላክዎል ደካማ ሳይንቲስት ስለነበር አይደለም። በአልኮል ጠርሙስ ውስጥ ያለ የሞተ ሸረሪት ወንድሙ ማን እንደሆነ አይናገርም።

ከዝርያ በላይ ያለው ምደባ ደግሞ ከዚህም በላይ ተናውጧል። ትንንሾቹ ለረጅም ጊዜ ኤሪጎኒዴ የሚባል የራሳቸው አስተኔ ነበሩ። አሁን በሊኒፊዴ ውስጥ ያለ ንዑስ አስተኔ ሆነው ኤሪጎኒኔ ይባላሉ። ሌፕቲፋንተስ የሚባለው ወገን ያገኘውን ሁሉ የሚያጉሩበት ቋት ሆኖ ኖሮ፣ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ወደ ብዙ ወገኖች ተበተነ። ከዚያ ዲኤንኤ መጣና በቅርጽ ብቻ ከተቋቋሙት ንዑስ አስተኔዎች አንዳንዶቹ የአንድ ዘር ልጆች አለመሆናቸውን አሳየ። ይህን የሚሰሙ ሰዎች «ታዲያ ሳይንሱ ምን አወቀ?» ይላሉ። እኔ እንደሚመስለኝ ሁለት ነገር ተደባልቆባቸው ነው። የስያሜ ሕጉ ጥብቅ ነው፤ መጀመሪያ የወጣ ስም ይቀድማል። ምደባው ግን ስለ ዝምድና የሚሰጥ ግምት ነው። ማስረጃ ሲመጣ ይቀየራል፤ ስሙም ወገን በቀየረ ቁጥር አብሮ ይሄዳል።

ኢትዮጵያ የት ትገባለች? ሊኒፊዴ በብዛት የሚገኘው ቀዝቃዛ በሆኑት የሰሜን አገሮች ነው። አፍሪካ ውስጥ ከፍ ያለ ተራራ ይወዳል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው የአፍሪካ መሬት አብዛኛው ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ጎንደር ራሷ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ደባርቅ ሲደርሱ የሰሜን ተራሮች ይጀምራሉ። ጓሳው፣ አስታው፣ ጅብራው፣ ከ4,500 ሜትር የሚያልፈው ራስ ዳሸን፣ ሁሉም እዚያ ነው። እርጥብ ሣርና የበሰበሰ ቅጠል ለእነዚህ ሸረሪቶች ቤት ነው።

ጎንደር በእንስሳት ስያሜ ታሪክ ውስጥ አዲስ አይደለችም። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፐል በ1830ዎቹ መጀመሪያ እዚህ ተቀምጧል፤ ሰሜን ተራሮችንም አይቷል። ጭላዳና ዋሊያ ሳይንሳዊ ስማቸውን ከእሱ ያገኙት በ1835 ነው፤ ቀይ ቀበሮ ደግሞ በ1840። ለሸረሪት ግን ወረፋው ረጅም ነበር። ጣሊያናዊው ፒዬትሮ ፓቬሲ ስለ ሸዋ ሸረሪቶች የጻፈው በ1883 ነው። ስዊድናዊው ኦኬ ሆልም በ1960ዎቹ የምሥራቅ አፍሪካ ተራሮችን ሊኒፊዴ በስፋት አጠና። ከዚያ በ1996 እንግሊዛውያኑ ሜሬትና ራስል-ስሚዝ ከኢትዮጵያ የተገኙ አዳዲስ ዝርያዎችን ገለጹ።

ከእነዚህ አንዷ አፍሮሚኖግሌነስ ፓርከሪ ናት። በወገኗ ውስጥ ብቸኛዋ ዝርያ ስትሆን የተገኘችውም ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ሆልም በ1968 ያቋቋመው አፍሮኔታ የሚባል ወገንም የኢትዮጵያ ዝርያዎች አሉት። ሁለቱም ሚኖግሌኒኔ ከሚባል ንዑስ አስተኔ ናቸው። የእነዚህ ምልክት ፊታቸው ላይ ነው። ከዓይኖቻቸው ዝቅ ብሎ ግራና ቀኝ ጎድጎድ ያለ መስመር አለ፤ በውስጡም የእጢ ቀዳዳዎች አሉ። ዘመዶቻቸው የሚገኙት በአፍሪካ ተራሮች ላይና፣ ይገርማል፣ በኒውዚላንድ ነው። ከዋሊያ ስያሜ እስከ አፍሮሚኖግሌነስ 161 ዓመት ነው። ማንም ሆን ብሎ አልዘለላትም፤ ቀንድ የሌለው ነገር ማን ይፈልጋል!

ስም ሲነበብ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኤሪጎኔ ኢቲዮፒካ የሚል ስም ያየ አንባቢ «የኛ ናት» ይላል። ስዊድናዊው ሸረሪት አጥኚ ቱልግሬን በ1910 ይህን ስም የሰጣት ከስዊድኖች የኪሊማንጃሮ ጉዞ በተገኘ ስብስብ ላይ ሲሠራ ነው። በድሮ ሊቃውንት አጻጻፍ «ኢትዮጵያዊ» ማለት ከሰሐራ በታች ያለ አፍሪካ ማለት ነበር። የዝርያ ስም የትውልድ ማስረጃ አይደለም።

ጎንደር ዙሪያ ለማጥናት የሚያስብ ተማሪ ካለ፣ መሣሪያው ውድ አይደለም። አፉ ከመሬት እኩል ሆኖ የተቀበረ ኩባያ፣ የረገፈ ቅጠል የሚነፋበት ወንፊት፣ 70 ወይም 80 በመቶ አልኮል፣ ደህና ማይክሮስኮፕ ይበቃል። ፈቃዱ ግን አይዘለልም። ፓርክ ውስጥ ከሆነ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን አለ፤ ናሙና ወደ ውጭ የሚሄድ ከሆነ የብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ጉዳይ ነው።

ከሁሉ በላይ የምትጎዳው ወይም የምትጠቅመው ጠርሙሱ ውስጥ የምትገባው ትንሽ ወረቀት ናት። ቦታ፣ ከፍታ፣ ቀን፣ የሰብሳቢው ስም ይጻፍባታል። እኛ ጋ ሁለት ችግር አለ። አንደኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። «10/2/2015» ብሎ የተወ ሰው ጥቅምትን ይሁን ፌብሩዋሪን አንባቢው አያውቅም፤ ዓመቱም ይሳሳታል። የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ መጻፍ ግዴታ ነው። ሁለተኛው የቦታ ስም ነው። ጎንደር በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት ተጽፋለች! የድሮ ጽሑፎች ደግሞ በጌምድር ወይም አቢሲኒያ ብለው ያልፋሉ። የጂፒኤስ ቁጥር ከተጨመረ ይህ ሁሉ ንትርክ ይቀራል።

አዲስ ዝርያ የሚሰይም ሰው መግለጫና ሥዕል ማሳተም አለበት። ስሙ በላቲን ፊደል ይጻፍ እንጂ ከየትኛውም ቋንቋ ሊወሰድ ይችላል፤ ከአማርኛም ጭምር። ከ2000 ጀምሮ ደግሞ ስሙን የምትወክል አንዲት ናሙና በግልጽ መጠቀስ አለባት፤ የት እንደምትቀመጥም እንዲሁ። ስሙ ጸድቆ ሲወጣ በርን፣ ስዊዘርላንድ በሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የሚመራው የዓለም የሸረሪቶች ካታሎግ ይመዘግበዋል። ካታሎጉ በ2022 50,000ኛውን ዝርያ አልፏል። ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይነበባል፤ የተሻረ ስምም ከነታሪኩ እዚያ ይገኛል።