ራኒንግ ባክ ስንት ያወጣል? የኤንኤፍኤል ልውውጦችና የደጋፊዎች ሙግት

ራኒንግ ባክ በአሜሪካ እግር ኳስ ኳሱን ከኳርተርባኩ (ማጥቃቱን ከሚመራው ኳስ ወርዋሪ) እጅ ተቀብሎ በተከላካዮች መካከል ሰንጥቆ የሚሮጥ ተጫዋች ነው። ኳስ በያዘ ቁጥር ማለት ይቻላል ይመታል፤ ስለዚህም ጉልበቱ ከብዙዎቹ ጓደኞቹ ቀድሞ ያልቃል። በኤንኤፍኤል (በአሜሪካ እግር ኳስ ዋናው ሊግ) ደጋፊዎች ዘንድ የዚህን ተጫዋች ዋጋ ያህል የሚያጨቃጭቅ ነገር ጥቂት ነው። አንዱ ወገን «ለሯጭ ይህን ያህል ይከፈላል?» ይላል፤ ሌላው «እንዲህ ያለውን ልጅ በነፃ ለቀቁት!» ብሎ ይቆጫል። ሙግቱ የማያልቀው በአብዛኛው ሁለት ጥያቄ ስለሚደባለቅ ነው፤ ተጫዋቹ ጎበዝ ነው ወይ የሚለውና የተከፈለበት ዋጋ ይገባዋል ወይ የሚለው።

የፕሪሚየር ሊግ ዝውውርን የለመደ ሰው መጀመሪያ ግር ይለዋል። በኤንኤፍኤል ተጫዋች በዝውውር ሂሳብ አይገዛም፤ የሚሰጠው ሌላ ተጫዋች ወይም የድራፍት ምርጫ ነው። ድራፍት ማለት 32ቱ ክለቦች በየዓመቱ በሚያዝያ ወር ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡ ተጫዋቾችን በ7 ዙር በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት ሲሆን፣ ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ የወጣው ክለብ ቅድሚያ ያገኛል። የምርጫዎቹን ዋጋ ለመመዘን ዛሬም የሚጠቀሰው በ1990ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹም ቀኖቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጂሚ ጆንሰን የሚሠለጥነው ዳላስ ካውቦይስ ይሠራበት የነበረው ሠንጠረዥ ነው። በእሱ መሠረት የመጀመሪያው ምርጫ 3,000 ነጥብ፣ 16ኛው 1,000፣ 32ኛው 590 ነጥብ ያወጣል። ቁልቁለቱ እንዲህ ከባድ ስለሆነ «የአንደኛ ዙር ምርጫ ሰጡ» ብሎ መከራከር ብቻውን ምንም አይነግርም፤ ስንተኛው ነው?

ሁለተኛው ሚዛን የደመወዝ ጣሪያው ነው፤ በ2025 ለአንድ ክለብ 279.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ደጋፊ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የፊርማ ጉርሻውን አቆጣጠር ነው። ጉርሻው ለተጫዋቹ ቶሎ ይከፈላል፣ በጣሪያው ላይ ግን በውሉ ዓመታት (ቢበዛ በ5) ተከፋፍሎ ይመዘገባል። ለ4 ዓመት ውል 20 ሚሊዮን ዶላር ጉርሻ የተቀበለ ሯጭ ከ1 ዓመት በኋላ ለሌላ ክለብ ቢሰጥ፣ ያልተቆጠረው 15 ሚሊዮን በሰጪው ክለብ ላይ በአንድ ጊዜ ይወድቃል። ልውውጡ ከሰኔ 1 በኋላ ከሆነ 5ቱ በዚያው ዓመት፣ 10ሩ በሚቀጥለው ይቆጠራል። «ለምን አይሸጡትም?» ለሚለው ጥያቄ ግማሹ መልስ እዚህ ነው።

የመጥፎ ልውውጥ ምሳሌ ሲፈለግ ሁሉም የሚያነሣው የ1989ኙን የኸርሸል ዎከርን ጉዳይ ነው። ዳላስ ዎከርን ለሚኒሶታ ቫይኪንግስ ሲሰጥ ተጫዋቾችንና ከእነሱ ጋር የታሰሩ የድራፍት ምርጫዎችን ተቀበለ። ጥበቡ ያለው በማሰሪያው ነው፦ ዳላስ ተጫዋቾቹን በተወሰነ ቀን ውስጥ ካሰናበተ ምርጫዎቹ የእሱ ይሆናሉ። ሚኒሶታ ጆንሰን የፈለገው ተጫዋቾቹን መስሎት ነበር፤ እሱ ግን ዓይኑ ምርጫዎቹ ላይ ነበር። በመጨረሻም ሦስት የአንደኛ ዙርና ሦስት የሁለተኛ ዙር ምርጫ ዳላስ ገባ። ከእነዚህ አንዱን ለሌላ ክለብ ሰጥቶ ወደ 17ኛው ቦታ ከፍ በማለት በ1990 ኤሚት ስሚዝን መረጠ። በ1989 1 አሸንፎ 15 የተሸነፈ ቡድን በ1992፣ 1993 እና 1995 የውድድር ዘመን ሱፐር ቦውል (የሊጉን የዋንጫ ፍጻሜ) በላ። ዎከር በሚኒሶታ በአንድም የውድድር ዘመን ሮጦ 1,000 ያርድ (አንድ ያርድ ከሜትር ጥቂት ያንሳል) አልሞላም።

የ1999ኙ የሪኪ ዊሊያምስ ጉዳይ ግን የተለየ ትምህርት አለው። የኒው ኦርሊንስ ሴይንትስ አሠልጣኝ ማይክ ዲትካ ከ12ኛ ወደ 5ኛ ምርጫ ከፍ ለማለት የዚያን ዓመት ምርጫዎቹን በሙሉ፣ የ2000ንም የአንደኛና የሦስተኛ ዙር ጨምሮ ለዋሽንግተን ሰጠ። ቡድኑ 3 አሸንፎ 13 ተሸነፈ፣ ዲትካም ተባረረ። ዊሊያምስ ግን ደካማ አልነበረም፤ በ2002 ወደ ማያሚ ሄዶ በ1,853 ያርድ የሊጉ ቀዳሚ ሯጭ ሆነ። ተጫዋቹ ጥሩ፣ ዋጋው ግን ለአንድ ሰው የማይከፈል ነበር። አንድ ሯጭ ፊቱ የሚያግዱለት ሰዎች ከሌሉ ብቻውን ምን ሊያደርግ?

በተቃራኒው ሁለቱም ወገን የከሰረበት አለ። ክሊቭላንድ በ2012 በ3ኛ ምርጫ የወሰደውን ትሬንት ሪቻርድሰንን በ2013 መስከረም ለኢንዲያናፖሊስ በአንድ የአንደኛ ዙር ምርጫ ሰጠ። ሪቻርድሰን በአዲሱ ክለቡ በዚያ ዓመት በአንድ ሩጫ በአማካይ 2.9 ያርድ ብቻ ሮጠ። ክሊቭላንድ ያተረፈ መስሎት ነበር፤ ያገኘውን 26ኛ ምርጫ ግን ከሌላ ጋር ደምሮ ወደ 22ኛ ከፍ አለና ኳርተርባኩን ጆኒ ማንዜልን መረጠበት፤ እሱም አልሆነለትም።

የርካሽ ግዢ ዝርዝርም አጭር አይደለም። ማርሻል ፎክ በ1999 ከኢንዲያናፖሊስ ወደ ሴንት ሉዊስ ራምስ የሄደው በሁለተኛና በአምስተኛ ዙር ምርጫ ነው፤ በዚያው ዓመት ራምስ ሱፐር ቦውልን ወሰደ። ኢንዲያናፖሊስን እንደ ሞኝ የሚያዩ ግን ይሳሳታሉ፤ በምትኩ የመረጠው ኤጀሪን ጄምስ በ1999ም በ2000ም የሊጉ ቀዳሚ ሯጭ ነበር። ክሪስቲያን ማካፍሪ በ2022 ጥቅምት ከካሮላይና ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሲዛወር የሁለተኛ፣ የሦስተኛ፣ የአራተኛና የአምስተኛ ዙር ምርጫ ተከፈለበት፤ የአንደኛ ዙር አልነበረበትም። በ2023 የዓመቱ ምርጥ የማጥቃት ተጫዋች ተባለ።

ታዲያ ገበያው ለምን ናቃቸው? ዋናው ምክንያት ተተኪ መብዛቱ ነው። ቴሬል ዴቪስ የስድስተኛ ዙር ምርጫ ነበር፤ በ1998 2,008 ያርድ ሮጧል። በ2010 የሊጉ ቀዳሚ የነበረው ኤሪያን ፎስተር በድራፍት ጨርሶ አልተመረጠም። ሌላው የጊዜ ጉዳይ ነው፦ በድራፍት የተመረጠ አዲስ ተጫዋች ውል 4 ዓመት ነው፣ የአንደኛ ዙር ከሆነ ክለቡ 5ኛ ዓመት የመጨመር መብት አለው፣ ከዚያም «ፍራንቻይዝ ታግ» በሚባለው ደንብ ለአንድ ዓመት ሊያቆየው ይችላል። ሯጩ ነፃ ሆኖ ገበያ ሲወጣ ጉልበቱ የሚቀንስበት ዕድሜ ደርሷል ማለት ነው። በ2023 የዚህ ታግ ክፍያ ለራኒንግ ባክ 10.1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ ሴክዋን ባርክሌይና ጆሽ ጄከብስ የተበሳጩት በዚህ ነው።

ባርክሌይ ግን ነገሩን አወሳሰበው። በ2023 በኒውዮርክ ጃያንትስ በአንድ ሩጫ 3.9 ያርድ፣ በድምሩ 962 ያርድ ሮጠ። በ2024 በ3 ዓመት 37.75 ሚሊዮን ዶላር ወደ ፊላደልፊያ ኢግልስ ሄዶ 5.8 ያርድ፣ በድምሩ 2,005 ያርድ ሮጠ፤ ክለቡም ሱፐር ቦውልን አሸነፈ። አንዱ ወገን «ዋጋው ተንቆ ነበር» ይላል፤ ሌላው «አይደለም፣ የኢግልስ የፊት መስመር ነው» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ጥሩ ሯጭ ርካሽ የሚሆነው ከተዘጋጀ መስመር ኋላ ሲቆም ነው።

ስለዚህ ሯጭን በድምር ያርድ መመዘን ያሳስታል። 15 ጊዜ ሮጦ 88 ያርድ ያገኘ ሰው አማካዩ 5.9 ነው፤ 60ው ግን በአንዲት ሩጫ የተገኘ ከሆነ በቀሩት 14 ሩጫዎች በአማካይ 2 ያርድ ብቻ ነው ያገኘው። የሚሻለው ሩጫው «ተሳካ» ወይ ብሎ መቁጠር ነው፦ ቡድኑ 10 ያርድ ለመግፋት 4 ሙከራ አለው፤ በመጀመሪያው ሙከራ ከሚያስፈልገው 40 በመቶ፣ በሁለተኛው 60 በመቶ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሙሉውን ካገኘ ይቆጠርለታል። ከተነካ በኋላ የጨመረው ያርድ የራሱን ጉልበት ከአጋጆቹ ለይቶ ያሳያል። ኳርተርባኩን መከላከል የማይችል ሯጭ ደግሞ ኳስ በብዛት በሚወረወርበት በሦስተኛው ሙከራ ከሜዳ ይወጣል፤ ይህ በስታቲስቲክስ ገጽ ላይ አይታይም።

በፋንታሲ ፉትቦል (ደጋፊዎች በእውነተኛ ተጫዋቾች ውጤት በሚፎካከሩበት ጨዋታ) ሙግቱ ሌላ መልክ ይይዛል። በፋንታሲ ፕሪሚየር ሊግ አንድን ተጫዋች ሁሉም ሊይዘው ይችላል፤ እዚህ ግን በአብዛኛው በአንድ ሊግ ውስጥ አንድ ተጫዋች የአንድ ሰው ብቻ ስለሆነ መለዋወጥ የግድ ነው። በተለመደው አቆጣጠር 10 ያርድ 1 ነጥብ፣ ተችዳውን (ኳሱን ግብ ክልል ማስገባት) 6 ነጥብ ነው፤ በብዙ ሊጎች የተቀበሉት እያንዳንዱ ኳስም 1 ነጥብ ያስገኛል። 18 ጊዜ ሮጦ 80 ያርድ ያገኘ 8 ነጥብ ሲይዝ፣ 9 ጊዜ ሮጦ 40 ያርድ፣ 6 ኳስ ተቀብሎ 45 ያርድ ያገኘው 14.5 ይይዛል። በርካሽ የሚገኙት እንዲህ ያሉት ናቸው፤ እንዲሁም በግቡ አጠገብ ኳስ እየተሰጣቸው ተችዳውን ያልቀናቸው። ሁለት መካከለኛ ተጫዋች በአንድ ኮከብ መለወጥ ለሁለት ተቀባዩ ትርፍ ይመስላል፤ ነገር ግን አንዱ ተቀያሪ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ቦታ ለመክፈትም ሌላ ይሰናበታል። የሊጉ አባላት ልውውጥን በድምፅ የሚሰርዙበት ደንብ ካለ፣ ቢቀር ይሻላል፤ በተግባር የሚሰረዘው ሽርክና ያለበት ልውውጥ ሳይሆን ተፎካካሪን የሚያጠናክረው ነው።