በተደረደረ ማፕ ውስጥ ጎረቤት ቁልፍ ምንድን ነው?

ማለዳ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አጠገብ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው «የ12፡40 አውቶቡስ አለ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው «ቀጣዩ ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?» ብሎ ነው። ለእኛ ሁለቱ ጥያቄዎች ይቀራረባሉ፤ በፕሮግራም ውስጥ ግን የሚመልሳቸው የመረጃ መዋቅር እንኳ ይለያያል። ማፕ እያንዳንዱን መረጃ ቁልፍ በሚባል መለያ የሚያስቀምጥ መዋቅር ነው፤ ቁልፎቹ በመጠናቸው ከተሰለፉ የተደረደረ ማፕ ይባላል። የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ቁልፍ ማፑ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ብቻ ይጠይቃል። ሁለተኛው ምናልባት የሌለ ቁልፍ ይዞ ገብቶ ከአጠገቡ ያለውን ይፈልጋል። ጎረቤት ቁልፍ የሚባለው ይህ ነው፦ ከተሰጠው በታች ካሉት ቁልፎች ትልቁ፣ ወይም ከተሰጠው በላይ ካሉት ትንሹ።

ሃሽማፕ የሚባለው ያልተደረደረ ማፕ ይህን ሊመልስ አይችልም። ቁልፎቹን ከየራሳቸው በሚሰላ ቁጥር በትኖ ስለሚያስቀምጥ፣ ከ12፡15 ቀጥሎ 1፡00 እንደሚመጣ አያውቅም። ብዙ ጀማሪዎች ታዲያ በሉፕ፣ ማለትም በሚደጋገም ትእዛዝ፣ አንድ አንድ ደቂቃ እየጨመሩ «ይሄ አለ? ይሄስ?» ሲሉ ይታያሉ። ቁልፉ ደቂቃ ሲሆን ቀስ ብሎም ቢሆን ይሠራል፤ ቁልፉ እንደ ብር ከሳንቲም ወይም እንደ ክብደት አስርዮሽ ቁጥር ሲሆን ግን እየዘለለው ያልፋል። የፓይተን ቋንቋ ማፕ የሆነው ዲክትም ከስሪት 3.7 ጀምሮ ቅደም ተከተል ይጠብቃል ሲባል የሚያታልላቸው አሉ። የሚጠብቀው ያስገባንበትን ተራ ነው እንጂ የቁልፎቹን መጠን አይደለም።

የጃቫ ቋንቋ የተደረደረ ማፕ የሆነው ትሪማፕ ግን ቁልፎቹን ሁልጊዜ ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሮ ይይዛል። ለምሳሌ ያህል ጠዋት በ11፡30፣ በ12፡15፣ በ1፡00፣ በ1፡40 እና በ2፡30 የሚነሱ አውቶቡሶች አሉ እንበል። አሁን 12፡40 ከሆነ የታች ጎረቤትን የሚፈልገው ፍሎርኪ (floorKey) የተባለው ትእዛዝ 12፡15ን፣ ማለትም ያመለጠንን፣ የላዩን የሚፈልገው ሲሊንግኪ (ceilingKey) ደግሞ 1፡00ን ይሰጠናል። ልክ 1፡00 ላይ ብንጠይቅ ሁለቱም ራሱን 1፡00ን ይመልሳሉ፤ እኩል የሆነውን ይቀበላሉና። እኩሉን የማይቀበሉት ሎወርኪ (lowerKey) እና ሀየርኪ (higherKey) ናቸው፦ የመጀመሪያው 12፡15፣ ሁለተኛው 1፡40 ይላል። አውቶቡሱ በሩን ዘግቶ እየተንቀሳቀሰ ከሆነ የሚያስፈልገን ሀየርኪ ነው፤ ገና ከቆመ ሲሊንግኪ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን የቁልፎቹ አደራደር እውነተኛውን የጊዜ ቅደም ተከተል ከተከተለ ብቻ ነው። እዚህ ላይ የእኛ ሰዓት ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ከውጭ የመጡ ማስተማሪያዎች ስለማያነሱት ረዘም አድርጌ ልየው። ሰዓቱን በቁጥር ብናስቀምጠው 1፡00 ከ11፡30 ያንሳልና የንጋቱ አውቶቡስ ከ2፡30ው በኋላ ይሰለፋል። በጽሑፍ ብናስቀምጠው ደግሞ ይበልጥ አደገኛ ነው፦ ኮምፒውተሩ ፊደል በፊደል ሲያወዳድር የሁለት ነጥብ ምልክቱ ከአሃዞች ሁሉ በላይ ስለሚቆጠር 11፡30፣ 12፡15፣ 1፡00፣ 1፡40 በትክክለኛ ተራቸው ይደረደራሉ። ጠዋት የሞከረው ሰው ተሳካ ብሎ ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ የ10፡00 አውቶቡስ ሲጨመር ግን ከንጋቱ 11፡30 ፊት ገብቶ ይቆማል። የምሽቱ 12፡15 ሲገባማ የጠዋቱን 12፡15 ደምስሶ ቦታውን ይይዛል፤ ለማፑ ሁለቱ አንድ ቁልፍ ናቸውና።

መፍትሔው ቁልፉን ከእኩለ ሌሊት፣ ማለትም ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ በተቆጠረ ደቂቃ ማስቀመጥ ነው። የንጋቱ 11፡30 330 ይሆናል፣ የጠዋቱ 12፡15 375፣ 1፡00 420፣ 1፡40 460፣ 2፡30 510። የምሽቱ 12፡15 ደግሞ 1095። ወደ እኛ አቆጣጠር የምንመልሰው ለተሳፋሪው ስናሳይ ብቻ ነው።

ፍለጋው እንዴት ፈጣን ይሆናል? ትሪማፕ ውስጡ ቀይ ጥቁር ዛፍ የሚባል ሚዛኑን የሚጠብቅ ዛፍ ነው። ከእያንዳንዱ ቁልፍ በስተግራ ከእሱ የሚያንሱ፣ በስተቀኝ የሚበልጡ ይቀመጣሉ። ከላይ 420 አለ እንበል፤ በግራው 330፣ የ330 ቀኝ 375፤ በቀኙ 460፣ የ460 ቀኝ 510። 400ን፣ ማለትም 12፡40ን፣ ይዘን እንውረድ። 420 ይበልጣል፤ አስታውሰነው ወደ ግራ። 330 ያንሳል፤ አስታውሰነው ወደ ቀኝ። 375ም ያንሳል፤ 330ን በእሱ ተክተን ወደ ቀኝ። እዚያ ምንም የለም። ወደ ቀኝ ስንታጠፍ በመጨረሻ ያስታወስነው 375 የታች ጎረቤት ነው፤ ወደ ግራ ስንታጠፍ በመጨረሻ ያስታወስነው 420 የላይ ጎረቤት። ያልተገኘው ቁልፍ ሁለቱም ጎረቤቶች በወረድንበት መንገድ ላይ መሆናቸው እጅግ ደስ ይለኛል። አንድ ሚሊዮን ቁልፍ ቢኖር እንኳ ይህ ዛፍ ከ40 በላይ ንጽጽር አይጠይቅም።

ጎረቤት ፍለጋ ከሰዓት ውጭም ብዙ ቦታ ያገለግላል፤ ለእኛ ቅርቡ የደመወዝ ግብር ነው። በ2017 ዓ.ም. ከመሻሻሉ በፊት የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 እስከ 600 ብር ያለውን ነፃ ያደርግና ከ601 እስከ 1,650 ባለው ላይ 10 በመቶ ይጥል ነበር። የእርከኑን መነሻ፣ 0ን እና 601ን፣ ቁልፍ አድርገን በፍሎርኪ ብንፈልግ 600 ብር ከ50 ሳንቲም ነፃ እርከን ውስጥ ይወድቃል። የእርከኑን ጣሪያ፣ 600ን እና 1,650ን፣ ቁልፍ አድርገን በሲሊንግኪ ብንፈልግ ግን በትክክል 10 በመቶው እርከን ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ኮድ ከመጻፋችን በፊት ቁልፉ የእርከኑ የትኛው ጫፍ እንደሆነ መወሰን አለብን።

በሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋ ሎወር ባውንድ የሲሊንግኪን፣ አፐር ባውንድ የሀየርኪን ሥራ ይሠራሉ። ፍሎርኪ የሚሰጠውን የታች ጎረቤት ለማግኘት አፐር ባውንድ ከሰጠን ቦታ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እንሄዳለን፤ ቦታው የማፑ መጀመሪያ ከሆነ ግን ወደ ኋላ መሄድ አይፈቀድም። በፓይተን የተደረደረ ሊስት (ዝርዝር) እና በውስጡ ቦታ የሚፈልገው ባይሴክት ይበቃሉ፣ ቁልፎቹ ቶሎ ቶሎ ካልተለዋወጡ።

ጎረቤት የሌለበት ጊዜም አለ። ከመጨረሻው አውቶቡስ በኋላ ሀየርኪ ናል (null)፣ ማለትም «ምንም የለም»፣ ይመልሳል፤ ያንን ሳይፈትሽ ወደ ቁጥር የሚቀይር ፕሮግራም እዚያው ይወድቃል። ናል ሲመጣ የመጀመሪያውን ቁልፍ የሚሰጠውን ፈርስትኪን (firstKey) ጠርቶ፣ ከሚሰጠው ሰዓት ጋር «ነገ» የሚል ቃል አክሎ ማሳየት ይበቃል።