«ጋዙ ወጣ አይደል? ታዲያ ምን ይጠበቃል?» ስለ ጋዝ ፋብሪካ ግንባታ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል፣ ካሉብ ላይ፣ የፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ ማምረቻው የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመረቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ዘመድ ወዳጁ ሁሉ እኔን ይጠይቃል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የጋዝ ፋብሪካ ግንባታ ላይ በጥራት ተቆጣጣሪነት ለዓመታት ሠርቻለሁና አይፈረድባቸውም። ለቅሶ ቤት ሳይቀር ይጠይቁኛል። ታክሲ ውስጥም የማላውቃቸው ሰዎች ሲከራከሩ እሰማለሁ።

ብዙው ክርክር ጋዙ መሬት ውስጥ መኖሩ ላይ ነው። እሱ እኮ የቆየ ወሬ ነው። የካሉብ ጋዝ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ቴኔኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲቆፍር ነው። ከዚያ ወዲህ ሃምሳ ዓመት አለፈ። ማግኘትና መጠቀም የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። በመሃል ያለው ሥራ ዲዛይንና ግንባታ ነው። እኔ የማውቀው እሱን ስለሆነ በዚያ ላይ የምሰማቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ላንሳ።

«ጋዝ ወጣ፤ ቡታጋዝ ሊረክስ ነው»

እዚህ ላይ አማርኛችንም ያሳስተናል። እናቴ «ጋዝ» ስትል ላምባ ማለቷ ነው። እህቴ «ጋዝ አለቀብኝ» ካለች ሲሊንደሩ ባዶ ሆኗል ማለት ነው። የካሉቡ ከሁለቱም ይለያል። ላምባ ከድፍድፍ ነዳጅ ተጣርቶ የሚወጣ ፈሳሽ ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ፕሮፔንና ቡቴን ነው። የተፈጥሮ ጋዝ ግን በአብዛኛው ሚቴን ነው።

የስም ጨዋታ አይደለም። ፕሮፔንና ቡቴን እንደ ቤታችን ባለ ሙቀት መጠነኛ ግፊት ካገኙ ፈሳሽ ይሆናሉ። ሲሊንደሩን ስትነቀንቁት ውስጡ ቦጭ ቦጭ የሚለው ለዚህ ነው። ሚቴንን ግን በአዲስ አበባ አየር የፈለጋችሁትን ያህል ብትጨምቁት ፈሳሽ አይሆንም። መጀመሪያ ከዜሮ በታች 82 ዲግሪ ገደማ መውረድ አለበት። በተራ የአየር ግፊት ፈሳሽ ሆኖ እንዲቀመጥ ደግሞ ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ያስፈልገዋል። ያኔ 600 ቦቴ ይሞላ የነበረው ጋዝ በአንድ ቦቴ ይገባል።

ስለዚህ የካሉብ ፈሳሽ ጋዝ በኩሽናችን ሲሊንደር አይቀዳም። ከጥሬው ጋዝ ጋር የሚወጣ ፕሮፔንና ቡቴን ካለ ለይቶ መሸጥ ይቻላል። እሱ ግን የራሱ መለያ ማማ፣ የራሱ ታንከር፣ የራሱ በጀት ያለው ሌላ ፋብሪካ ነው።

«ከጉድጓድ የወጣው ጋዝ ንጹሕ ነው፤ የቀረው ማቀዝቀዝ ብቻ ነው»

አጎቴ «ጭስ የለውም ይባላል፣ ታዲያ ምኑን ነው የምታጣሩት?» ብለው ጠየቁኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው።

ጥሬ ጋዝ ከጉድጓድ ሲወጣ አብሮት የውሃ እንፋሎት ይመጣል። እንደየቦታው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ መርዛማው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ፣ ከበድ ያሉ ዘይቶች፣ አንዳንዴም ሜርኩሪ አለበት። እያንዳንዱ የራሱ ጣጣ አለው። ውሃውና ጋዙ ከፍ ባለ ግፊት ሲገናኙ በረዶ የሚመስል ጠጣር ይሠራሉ። ይህ ጠጣር ከዜሮ በላይ ባለ ሙቀት ጭምር ቧንቧ ይደፍናል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ማቀዝቀዣው ውስጥ ይጋገራል። ለዚህ ነው ጋዙ ወደ ማቀዝቀዣው ከመግባቱ በፊት አሚን በተባለ ኬሚካል የሚታጠበው፣ ቀጥሎ እርጥበቱን በሚመጥ ማጣሪያ የሚያልፈው።

ሜርኩሪ ከሁሉም ያስገርመኛል። መጠኑ ኢምንት ነው። ግን ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው ሙቀት መለዋወጫ ብዙ ጊዜ ከአሉሚኒየም ይሠራል፤ ሜርኩሪ አሉሚኒየምን ይበላል። አልጄሪያ ውስጥ ስኪክዳ በሚገኘው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1973 ሙቀት መለዋወጫው በዚህ ምክንያት ተበላሸ። ዛሬ ማንኛውም ዲዛይነር ከማቀዝቀዣው በፊት የሜርኩሪ ማስወገጃ ያስቀምጣል። የአንዱ አገር ጉዳት የሌላው አገር ድሮዊንግ ላይ አንዲት ተጨማሪ ታንክ ሆና ትቀራለች።

«እስከ ጅቡቲ ቧንቧ ካልተዘረጋ ከንቱ ነው»

ወደ ጅቡቲ 767 ኪሎ ሜትር ቧንቧ ለመዘርጋት የወጣ ዕቅድ ነበር። የካሉቡ የመጀመሪያ ምዕራፍ ግን ፈሳሹን በቦቴ ለማጓጓዝ የሚመች ትንሽ ማምረቻ ነው። የተነገረው አቅም በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ነው። አንድ ቦቴ 45 ሺህ ሊትር ይይዛል ብለን እናስላ። በቀን ሰባት ቦቴ ገደማ ይደርሳል። ይህን ቧንቧ ሳይኖር መሸጥ ይቻላል፤ ቻይናም በዚህ ዘዴ ብዙ ታጓጉዛለች። በሌላ በኩል የቀጠር ትልልቆቹ የማምረቻ መሥመሮች እያንዳንዳቸው በዓመት 7.8 ሚሊዮን ቶን ያመርታሉ። የካሉቡ ሲመዘን 50 ሺህ ቶን ገደማ ነው። ከሁለት አንዱን እያጋነንን ባንጣላ ደስ ይለኛል። ጅምሩ ትንሽ ነው፣ ግን እውነተኛ ፋብሪካ ነው።

«ኢንጂነሪንግ ወረቀት ነው፤ ሥራው ሳይት ላይ ነው»

ይህቺ ስህተት ሰው ትገድላለች። ስለዚህ ቆም ልበልባት።

እንግሊዝ ውስጥ ፍሊክስቦሮ የሚባል ቦታ ለናይሎን ጥሬ ዕቃ የሚያመርት ፋብሪካ ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1974 በተርታ ከቆሙት ስድስት ጋኖች አምስተኛው ተሰነጠቀ። ጋኑን አነሱትና አራተኛውን ከስድስተኛው ጋር በጊዜያዊ ቧንቧ አገናኙ። ምርት እንዳይቆም ተቸኩሏል። ስሌት የሠራ መካኒካል መሐንዲስ አልነበረም። የቧንቧው ድሮዊንግ በጠመኔ የወርክሾፑ ወለል ላይ ተሳለ። በዚያው ዓመት ሰኔ 1 ቀን ቧንቧው ፈነዳ። 28 ሰዎች ሞቱ። ቀኑ ቅዳሜ ስለነበር ቢሮዎቹ ባዶ ነበሩ እንጂ ሟቹ ከዚያ በብዙ ይበልጥ ነበር።

ቧንቧውን የገጠሙት ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም። ሳይት ላይ ያለው ሥራ ተሠርቷል። ያልተሠራው «ወረቀቱ» ነው።

ጥሩ የዲዛይን ቢሮ ውስጥ ሃዞፕ የሚባል ስብሰባ አለ። ሳምንታት ይፈጃል፤ ለውጭ ሰው አሰልቺ ነው። የሂደት መሐንዲሱ፣ የመሣሪያ ባለሙያውና ፋብሪካውን የሚያንቀሳቅሰው ሰው አንድ ጠረጴዛ ከበው እያንዳንዱን መስመር በጣት እየተከተሉ ይጠያየቃሉ። እዚህ ፍሰቱ ቢቆምስ? ቢበዛስ? ወደ ኋላ ቢመለስስ? ቫልቩ ክፍት ሆኖ ቢቀርስ? ከዚያ ክፍል «ቫልቩ ቦታው ይቀየር» የሚል አንድ መስመር ከወጣ ወረቀት ላይ የሚያስወጣው የላጲስ ዋጋ ነው። ብረቱ ከቆመ በኋላ ከሆነ መቁረጥ ነው፣ መበየድ ነው፣ እንደገና መፈተሽ ነው።

«ብረት ብረት ነው፣ ምን ይሆናል?»

ተራ ብረት ብርድ አይችልም። በጣም ሲቀዘቅዝ መታጠፉን ትቶ እንደ ሸክላ ይሰበራል። ፈሳሹን ጋዝ የሚነካው ክፍል ከአይዝጌ ብረት፣ ከአሉሚኒየም ወይም 9 በመቶ ኒኬል ካለው ብረት የሚሠራው ለዚህ ነው። ዋጋው የትና የት ነው። «ለምን ተራውን አናደርገውም?» የሚል ሰው ደግሞ በየፕሮጀክቱ አይጠፋም።

አውስትራሊያ፣ ሎንግፎርድ፣ መስከረም 25 ቀን 1998 እ.ኤ.አ.። በጋዝ ማጣሪያው ውስጥ ትኩስ ዘይት የሚገፋ ፓምፕ ቆመ። ዘወትር ትኩስ የሆነ አንድ ሙቀት መለዋወጫ ከዜሮ በታች 48 ዲግሪ ወረደ። ላዩ ላይ አመዳይ ጋገረ። ዘይቱን መልሰው ሲለቁበት ብረቱ ተሰነጠቀና ፈነዳ። ሁለት ሠራተኞች ሞቱ፣ ስምንት ቆሰሉ። የቪክቶሪያ ግዛት ለሁለት ሳምንት ያህል ያለ ጋዝ ቆየ። መርማሪው ኮሚሽን ጥፋቱ የሠራተኞቹ አይደለም አለ። ስለ እንዲህ ያለ አደጋ በቂ ሥልጠና አላገኙም ነበር። ለዚያ ፋብሪካ የታቀደው ሃዞፕም ሲተላለፍ ሲተላለፍ ሳይካሄድ ቀርቷል።

«ጥሩ ብየዳ በዓይን ይታወቃል»

መልኩ ያማረ ብየዳ ውስጡ ባዶ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ብየዳ በኤክስሬይ የሚታየው። ፊልሙ ላይ ጥቁር ነጥብ ካለ አየር አለ፣ ቀጭን ጥቁር መስመር ካለ አልገባም ማለት ነው። ይቆረጣል፣ እንደገና ይበየዳል።

ከዚያ በኋላ የውሃው ፈተና ይመጣል። ብዙ ሰው «ለምን በአየር አትፈትኑትም? ውሃ መሙላትና ማድረቅ ጊዜ ማባከን አይደለም?» ይለኛል። ውሃ ሲጨመቅ እምብዛም አይጠብም። ስለዚህ ቧንቧው ቢቀደድ ውሃው ይረጫል፣ ግፊቱ ወዲያው ይወድቃል፣ በዚያው ያበቃል። የታመቀ አየር ግን ተቀድዶ ሲወጣ ቦምብ ነው። በተለመደው ደንብ ቧንቧው ከተሠራለት ግፊት አንድ ተኩል እጥፍ ይጫንበታል። ቢያንስ 10 ደቂቃ ይያዛል። እያንዳንዱ መጋጠሚያ አንድ በአንድ ይታያል።

አንድ የነሐሴ ሌሊት አይረሳኝም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው የጀመርነው። ፀሐይ ከወጣች ቧንቧው ይሞቃል፣ ውስጡ ያለው ውሃ ይሰፋል፣ የግፊት መለኪያው መርፌ ማንም ሳይነካው ከፍ ይላል፤ ያኔ ንባቡን ማመን አይቻልም። ግፊቱ ደረሰ። ባትሪ ይዤ ፍላንጆቹን፣ በቡሎን የሚታሰሩትን የቧንቧ መጋጠሚያዎች፣ ስዞር አንዱ ሥር ጠብታ አየሁ። ጠብ። ትንሽ ቆየና ሌላ ጠብ። ፎርማኑ ቁልፉን አንስቶ «ቡሎኑን ትንሽ ላጥብቀው፣ ያልቃል» አለ። ግፊት ያለበት ቡሎን አይነካም፤ ቢበጠስ እንደ ጥይት ነው የሚወጣው። ግፊቱን አወረድን፣ ውሃውን አፈሰስን፣ ፍላንጁን ከፈትን። በመሃል የሚገባው ማሸጊያ፣ ጋስኬቱ፣ ፊት ላይ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ተቀምጣለች። የሩዝ ፍሬ አታክልም። ግማሽ ቀን ሄደ፣ ኮንትራክተሩም በጣም ተናደደ። ከስድስት ወር በኋላ በዚያ ቧንቧ ያለፈው ውሃ አልነበረም።

«ሰማይ ላይ የሚነደው እሳት አደጋ ነው» እና «ጋዝ ካመለጠ ይሸታል»

እነዚህን በአጭሩ። በረጅሙ ማማ ጫፍ ላይ የምታዩት ነበልባል መተንፈሻ ነው። ግፊት ሲበዛ ጋዙ ወደዚያ ሄዶ በደህና ይቃጠላል። በየቀኑ ጋዝ ማቃጠል ግን ብክነት ነው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ አገሮችና ኩባንያዎች ይህን ልማድ እስከ 2030 እንዲያቆሙ ቃል እያስገባ ነው።

ሽታውን በተመለከተ፣ ሚቴን ሽታ የለውም። የምናውቀው ሽታ ሆን ተብሎ የሚጨመር ነው። ቴክሳስ ውስጥ ኒው ለንደን በተባለች ከተማ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1937 ሽታ የሌለው ጋዝ ትምህርት ቤት ሥር ተጠራቅሞ ፈነዳና ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ። የሽታ ሕጉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ግን ጋዙ ገና ሽታ አልተጨመረበትም። እዚያ የሚጠብቃችሁ መመርመሪያ መሣሪያ ነው፣ አፍንጫ አይደለም።

«ማጣሪያ ካለን ነዳጅ ይረክሳል»

በጎዴ የማጣሪያ መሠረት ድንጋይ ከተቀመጠ ወዲህ ይህን በየቀኑ እሰማለሁ። ማጣሪያ እኮ ነበረን። በሶቪየት ኅብረት የተሠራው የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ጀመረ፣ በ1997 ተዘጋ። የተዘጋው አርጅቶ፣ ጥገናውና ማንቀሳቀሻው ከጥቅሙ በልጦ ነው። ማጣሪያ ድፍድፉን ከዓለም ገበያ እየገዛ የሚሠራ ከሆነ ከዋጋው ላይ የሚቀንሰው በጣም ትንሽ ነው። ድፍድፉ የራስ ሲሆን ነገሩ ይለያል፤ የውጭ ምንዛሪም ይድናል። ግን ማጣሪያ በራሱ የዋጋ መድኃኒት አይደለም። ጠቃሚው ጥያቄ «መቼ ይመረቃል?» ሳይሆን «በየስንት ዓመቱ ቆሞ ይጠገናል? ገንዘቡስ ተይዟል?» የሚለው ነው።

«ይህ የፈረንጅና የቻይና ሥራ ነው፤ ለእኛ ልጅ ቦታ የለውም»

ይቺ ታሳዝነኛለች። ግንባታው ብዙ እጅ ይፈልጋል። ፋብሪካው ሥራ ከጀመረ በኋላ የሚያስፈልገው ሰው በጣም ያንሳል፤ ይህን ደብቆ ሥራ ቃል መግባት ልክ አይደለም። ግን ሙያው በዜግነት አይሰጥም። እኔ በነበርኩባቸው ሳይቶች ምርጥ የነበሩት በያጆች ከሕንድና ከፊሊፒንስ የመጡ፣ ከእኛ ልጆች የተለየ ነገር ያልነበራቸው ወጣቶች ናቸው። የተለየው ፈተናውን ማለፋቸው ነው።

ፈተናው ይህ ነው። ቧንቧ በ45 ዲግሪ ተጋድሞ ይታሰራል። ቧንቧው አይዞርም፤ የሚዞረው በያጁ ነው፣ ከሥር፣ ከጎን፣ ከላይ። ከዚያ ከብየዳው ላይ ቁራጮች ተቆርጠው በመጭመቂያ ማሽን ይታጠፋሉ። ሲታጠፍ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ የተከፈተ ስንጥቅ ከታየ ወድቋል። ያለፈውም ቢሆን ስድስት ወር በዚያ የብየዳ ዓይነት ካልሠራ ፈቃዱ ይቋረጣል።

የእህቴ ልጅ ቴክኒክና ሙያ ጨርሷል። ይህን ከነገርኩት ወዲህ በሚሠራበት የበርና መስኮት ጋራዥ፣ ማታ ማታ፣ በተጋደመ ቧንቧ ላይ ይለማመዳል። ባለፈው እሑድ የታጠፈ ቁራጭ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞልኝ መጣ። መነጽሬን አድርጌ፣ ማስመሪያ ይዘን አብረን አየነው። ስንጥቁ አራት ሚሊ ሜትር ነው። የት ቦታ እጁ እንደተንቀጠቀጠ ራሱ አሳየኝ፤ ከሥር ሲበይድ ነው። ቡናውን ጠጣና ቁራጩን መልሶ ጠቅልሎ ሄደ።