ትከሻን በዓይነ ኅሊና ማላላት

ምስል በዓይነ ኅሊና እየሳሉ የተወጠረ ጡንቻን ማላላት ወደ መቶ ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያለው ዘዴ ነው። በውጭው ዓለም አይዲዮኪኔሲስ ይሉታል። ሰውየው አይገፋም፣ አይጎትትም። ያስባል እንጂ።

ቀልድ ይመስላል። ግን «ቀና በል!» የተባለን ልጅ እዩት። ደረቱን ይነፋል፣ ትከሻውን ወደ ኋላ ይስባል፣ ትንፋሹን ይይዛል። ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ ይጎብጣል። የለመድነው የሰውነት አያያዝ ሳናውቀው የሚሠራ ነገር ነው። በትእዛዝ ስናቃናው የድሮው ውጥረት ሳይለቅ ሌላ እንጨምርበታለን።

ዘዴውን መልክ ያስያዘችው አሜሪካዊቷ ሜብል ቶድ ናት። ወድቃ ጀርባዋ ክፉኛ ከተጎዳ በኋላ፣ አጥንቶቿ ክብደቷን እንዴት እንደሚሸከሙ እያሰበች አካሄዷን አስተካከለች። ትምህርቷን እ.ኤ.አ. በ1937 በመጽሐፍ አወጣችው። ተማሪዋ ሉሉ ስዊጋርድ ኒው ዮርክ በሚገኘው የጁሊያርድ የኪነ ጥበብ ትምህርት ቤት ዳንሰኞችን አስተማረችበት። በሰውነት ውስጥ እንቅስቃሴ የሚታሰብባቸውን ዘጠኝ መስመሮችም ለይታ አስቀመጠች። በዚያው ዘመን ኤድመንድ ጃኮብሰን የተባለ ሐኪም ክንዱን ማጠፍ የሚያስብ ሰው ጡንቻው ውስጥ ጥቂት ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር ለክቶ አሳይቷል። ክንዱ ግን አልተንቀሳቀሰም። ሐሳብ ጡንቻ ድረስ ይወርዳል ማለት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ወለል ላይ ሰሌን ወይም ብርድ ልብስ ይነጠፋል። በጀርባ ተተኝቶ ጉልበት ይታጠፋል፤ እግር መሬት ይረግጣል፤ እጆች ደረት ላይ ይጣጠፋሉ። ከዚያ ምስሉ ይመጣል። የስዊጋርድ ተማሪዎች ሰውነታቸውን ማንም ያልለበሰው ኮትና ሱሪ አድርገው ያስቡ ነበር፤ ሱሪው ጉልበቱ ላይ በመስቀያ ተንጠልጥሏል። ጎንደር ላይ ሱሪውን በጋቢ መተካት ይሻላል። ጉልበት ላይ የተሰጣ ጋቢ፣ ግማሹ ወደ ዳሌ፣ ግማሹ ወደ ቁርጭምጭሚት የወረደ። የሚያውቁት ምስል ሲሆን ሰውነት ቶሎ ይታዘዛል ባይ ነኝ።

ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ጠዋት ፒያሳ ላይ ብርዱን ፈርቶ ትከሻውን ጆሮው ሥር ያልሸጎጠ ሰው ጥቂት ነው። ፀሐይ ከወጣች በኋላም ትከሻው እዚያው ይቀራል! የባጃጅ ሾፌሩ መሪው ላይ፣ ተማሪዋ ስልኳ ላይ እንዲሁ ናቸው። ማታ «ማጅራቴን ያዘኝ» ይባላል። ለዚህ የሚሆነው ምስል የትከሻ አጥንት በጀርባ በኩል ቀስ ብሎ ወደ ወገብ ሲንሸራተት ማየት ነው። በእጅ መጫን የለም።

አንዳንዱ ነገር እዚሁ ያለ ነው። በጎንደር በአታ ቤተ ክርስቲያን የአቋቋም (የዝማሜ ዜማ) ተማሪዎች መቋሚያ ተደግፈው ብዙ ሰዓት ይቆማሉ። ክብደት በዘንጉ በኩል መሬት ሲገባ ማሰብ ለእነሱ አዲስ አይሆንባቸውም። እስክስታም አለ። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ውስጥ የደረቀ ትከሻ ሠርግ ላይ ማሲንቆ ሲሰማ ይፈታል። የጡንቻ ችግር ቢሆን ኖሮ አይፈታም ነበር፤ ልማድ ስለሆነ ነው።

አንድ ምስል ሲደጋገም ይደበዝዛል፤ ይቀየር። ለውጡ የሚታየው ደግሞ በሳምንታት ነው። ማሸት የለመደ ሰው፣ በተለይ ወጌሻ ቤት ደርሶ ወዲያው ቀለል የሚለው፣ እዚህ ላይ ትዕግሥት ያጥረዋል።

ዘዴው ሕክምና አይደለም። ሕመሙ ወደ እግር ከወረደ፣ እጅ ወይም እግር ከደነዘዘ፣ ወይም ከአደጋ በኋላ ከመጣ ሐኪም ቤት ነው የሚኬደው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል፤ እንዲህ ያለው ጉዳይ የእነሱ ነው።